ጓደኛዬ አመልክታለች፣ ፈራጇ ደግሞ እኔ ነኝ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ እንቅልፍ አጥቼ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ፤ ሙያዬ ኢኮሎጂ (የሥነ ምህዳር ጥናት) ነው። ትምህርት ክፍላችን በኢኮሎጂና በዝግመተ ለውጥ ዘርፍ አንድ ቋሚ መምህር ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ከአምስቱ የቅጥር ኮሚቴ አባላት አንዷ እኔ ነኝ። ለአንዷ ቦታ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አመልክቷል።

ከአመልካቾቹ አንዷ የልብ ጓደኛዬ ናት። ዶክትሬታችንን የሠራነው አንድ ላብ ውስጥ ነው። አራት የመስክ ወቅት አንድ ድንኳን ውስጥ አድረናል። ዝናብ ሲገባብን ሌሊቱን ውኃ ስንጠርግ ያነጋንበትን ቀን አልረሳውም። አባቴ ሲሞት ሥራዋን ጥላ የመጣችልኝ እሷ ናት። ሁለት ጥናት አብረን አሳትመናል፤ የመጨረሻው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ማመልከቻው በሚዘጋበት ሌሊት «አስገባሁ! እንግዲህ በአንቺ እጅ ነኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ከሥሩ የሚስቅ ፊት አለው። እኔም ሳቅ መለስኩላት። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ምንም አልተናገርኩም።

ፋይሎቹን ተከፋፍለን ስናነብ የእሷ እኔ ጋ ደረሰ። ከአምስት አራት ሰጠኋት። ሌሊት ተነስቼ አምስት አደረግሁት። ጠዋት ደግሞ ወደ አራት መለስኩት።

ሐሙስ ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ የሚጠሩትን አሥራ ሁለት ሰዎች እንመርጣለን። እሷ ጠርዝ ላይ ናት። ከኮሚቴው መስክ ወጥቶ የሚሠራው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ የጂኖምና የሞዴል ሰዎች ናቸው፣ ዘረ መል የሚያነቡና በኮምፒውተር የሚያሰሉ፤ የሚቆጥሩት የታተመ ጽሑፍ ነው። እኔ ከወጣሁ የእሷን ሥራ ክብደት የሚያስረዳ አይኖርም። ከቆየሁ ደግሞ የሰረቅሁ ያህል ይሰማኛል። አሁን ብናገርስ፣ ሰብሳቢያችን «ነጥብ ከሰጠሽ በኋላ ነው እንዴ የምትነግሪኝ?» አይሉኝም? እሷ በየቀኑ «ምን ተባለ?» ትለኛለች። ፖስትዶክ ላይ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ ባለው ጊዜያዊ የምርምር ሥራ ላይ፣ ሰባተኛ ዓመቷ ነው። ይህ ካልተሳካ ሙያውን እተወዋለሁ ብላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ አመልካች አለ። የምርምር ዕቅዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጓደኛዬ የሚሻል ይመስለኛል።

ምን ላድርግ?

የድንኳን ጓደኛዋ

* * *

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው አራቷ አምስት ሆና ተመልሳ አራት የሆነችበት ቦታ ላይ ነው። ስንት ሰዓት ነበር? ኮምፒውተሩን ከፍተሽ፣ ቁጥሯን ቀይረሽ ስትመለሺ እንቅልፍ ወሰደሽ? አይመስለኝም።

ያቺ ቁጥር ስለ ጓደኛሽ ችሎታ የምትነግረን ነገር የለም። የምትነግረን ይህን ፋይል አንቺ ልትመዝኚው እንደማትችዪ ነው። የማትታመኚ ሰው ስለሆንሽ አይደለም። ሚዛኑ ላይ የወጣው ጥናቷ ብቻ ስላልሆነ ነው። ድንኳኑም፣ ያ ሌሊት የጠረጋችሁት ውኃም፣ የአባትሽ ሐዘንም አብሮ ወጥቷል። ይህን ሁሉ አራግፎ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

ስለዚህ የሚመስለኝን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለሰብሳቢው ንገሪያቸው። ከሐሙስ በፊት፣ ቢቻል ዛሬ። ሳይቃጠል በቅጠል። ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽ እንዴት እንደምትነግሪያቸውና ከነገርሻቸው በኋላ ስለሚመጣው ነው፤ የሚከብደው እሱ ስለሆነ።

ይቆጡኛል ብለሽ ፈርተሻል። ሊቆጡ ይችላሉ። እኔም በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርኩ። ሦስት የመጨረሻ ዕጩዎች ከመረጥን በኋላ አንዱ አባላችን እየተቅለሰለሰ መጣና ከሦስቱ ከአንዱ ጋር ጽሑፍ እያዘጋጀ መሆኑን ነገረኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሥራውን እንደገና መጀመር ግድ ሆነ። እኛ ፋይል ስናገላብጥ ከጎበዞቹ አንዷ ሌላ ቦታ ተቀጠረች። ሰውየው ላይ የተናደድነው የሚያውቀው ሰው ስላመለከተ አልነበረም። በዚህ ዘርፍ ማን ማንን የማያውቅ አለ? ጉባኤ ላይ እንገናኛለን፣ አንዳችን የሌላችንን ጽሑፍ እንገመግማለን፣ ተማሪ እንለዋወጣለን። የተናደድነው ዝም ስላለ ነው። አንቺ ገና አሥራ ሁለቱ እንኳ አልተመረጡም። የሚያስቀይመው ነገር ገና አልደረሰም።

ምናልባት «ጓደኝነት እንጂ ዝምድና አይደለም፤ ያን ያህል የሚያስነግር ነው ወይ?» ብለሽ ራስሽን እያባበልሽ ከሆነ አንድ መለኪያ ላሳይሽ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው ባለፉት 48 ወራት ከማን ጋር ጽሑፍ እንዳሳተመ አስዘርዝሮ ይቀበላል። ዝርዝሩ የሚፈለገው እነዚያ ሰዎች ማመልከቻውን እንዳይገመግሙ ነው። የእናንተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ዩኒቨርሲቲሽ የራሱ ደንብ ይኖረዋል፤ ፈልገሽ አንብቢው። ግን በወር ቢቆጠርም ባይቆጠርም መልሱን ታውቂዋለሽ። ባታውቂው ኖሮ ለእኔ አትጽፊም ነበር።

መልእክቱ አጭር ይሁን። እንዲህ ብትዪስ? «ከአመልካቾቹ አንዷ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። አብረን አሳትመናል፤ የመጨረሻው ሁለት ዓመት አልሞላውም። ፋይሏን አንብቤ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ ነጥቡንም ሁለት ጊዜ ቀያይሬዋለሁ። ከማንበቤ በፊት መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ነጥቤ ተሰርዞ ሌላ ሰው ፋይሏን እንዲያነበው እጠይቃለሁ። እኔ ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ የሚለውን እርስዎ ይወስኑልኝ።» በቃ። እንቅልፍ ማጣትሽን አትጻፊ። ጓደኛሽን አታወድሺ፣ አታሳንሺ። የቀያየርሽውን ነገር መጻፍ እንደሚያሳፍርሽ አውቃለሁ። ግን ሌላ ሰው ከሲስተሙ አይቶ ከሚጠይቅሽ አንቺ ብትቀድሚ ይሻልሻል።

ሰብሳቢው «የእሷ ስም ሲነሳ ብቻ ውጪ፣ ለሌሎቹ ቆዪ» ሊሉሽ ይችላሉ። ብዙ ቦታ እንዲህ ይደረጋል። ያንቺ ጉዳይ ላይ ግን ቀዳዳ አለው። ወንበሩ አሥራ ሁለት ነው፣ እሷ ጠርዝ ላይ ናት። አንቺ አሥራ ሦስተኛውን ሰው «ደከም ያለ ነው» ባልሽ ቁጥር እሷን ከፍ እያደረግሽ ነው፤ ስሟ ባይነሳም። ይህንኑ ለሰብሳቢው ንገሪያቸው። እንደኔ ከዚህ ቅጥር ሙሉ በሙሉ ብትወጪ ነው የሚሻለው። የመጨረሻው ቃል ግን የእሳቸው ይሁን፤ ብቻሽን የተሸከምሽው ውሳኔ ነው እዚህ ያደረሰሽ።

«እኔ እኮ ሚዛናዊ መሆን እችላለሁ» የሚል ድምፅ ውስጥሽ እንዳለ እገምታለሁ። ሁላችንም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ለ127 የሳይንስ መምህራን ለላብ ሥራ አስኪያጅነት የቀረበ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ሰጥቶ ነበር። ልዩነቱ ስሙ ብቻ ነው። ለገሚሶቹ «ጆን»፣ ለገሚሶቹ «ጄኒፈር»። ጆን የበለጠ ብቁ ተባለ፤ የታሰበለት ደመወዝም ከፍ ያለ ነበር። ሴት መምህራኑም እንደ ወንዶቹ ነው ያደረጉት። እነዚህ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። አድልዎ «መጥቻለሁ» ብሎ አያንኳኳም።

ያንቺ አድልዎ ደግሞ ወደ ማን እንደሚያጋድል እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ጓደኛ ያለው ሰው ጓደኛውን ብቻ አይጠቅምም። አንዳንዴ ንጹሕነቱን ለማሳየት ሲል ጓደኛውን ይጎዳል። ጠዋት አምስቷን ወደ አራት ስትመልሺ ምን እያሰብሽ ነበር? ፋይሉን እንደገና አንብበሽ ነው? ወይስ «አዳላሁ» እንዳትባዪ? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። ለራስሽ ግን መልሺው።

አሁን ወደ ትልቁ ጭንቀትሽ እንምጣ፤ «እኔ ከወጣሁ ለመስክ ሥራ የሚናገር የለም» ወዳልሽው። ይህን ሰበብ ነው ብዬ አላጣጥለውም። እውነት አለው። ጠቡም አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሃርቫርድ ውስጥ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ ጄምስ ዋትሰንና የጉንዳን ተመራማሪው ኤድዋርድ ዊልሰን አንድ የባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ዊልሰን በኋላ እንዳስታወሰው፣ አንድ ኢኮሎጂስት ይቀጠር የሚል ሐሳብ ሲያነሳ ዋትሰን ኢኮሎጂስት የሚቀጥር ሰው አእምሮውን የሳተ ነው አለ። አንድ ሰው፣ አንዲት ወንበር ናት የተጠየቀችው! ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኢኮሎጂና ዝግመተ ለውጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል የሆነው በከፊል ከእንዲህ ያለው ፍቺ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ በራሱ ቤት ውስጥም ጠቡ አልቀረም። ድንኳን የሚተክለውና ኮድ የሚጽፈው አሁንም በጎሪጥ ይተያያሉ።

ቆጠራ የመስክ ሰውን እንደሚበድል አንቺ ለእኔ አትነግሪኝም፤ ግን ለኮሚቴው ማስረጃ ይሁንሽ። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ጋላፓጎስ ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት የፊንች ወፎችን መንቁር መለካት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ1977 ድርቅ መጣ። ትንንሾቹ ፍሬዎች አለቁ፣ ጠንካራውን ፍሬ መስበር ያልቻሉ ወፎች ሞቱ። የተረፉት በአማካይ ትልቅ መንቁር ነበራቸው። የተፈጥሮ ምርጫ ዓይን እያየው። ያ ውጤት ታዋቂ በሆነው ጽሑፍ የወጣው በ1981 ነው። ላብ ውስጥ እንኳ ቢሆን ጊዜ ጊዜ ነው። ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 ኢ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በአሥራ ሁለት ቡድን ለየብቻ ማርባት ጀመረ። ከመካከላቸው አንዱ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት (ይህ ባክቴሪያ እንዲህ ባለ ሁኔታ በተለምዶ የማይመገበውን ንጥረ ነገር) መመገብ መቻሉ በጽሑፍ የወጣው በ2008 ነው። ሃያ ዓመት። በስድስተኛው ዓመት ላይ አንድ ሰው «እስካሁን ስንት አሳተምክ?» ብሎ ወንፊቱን ቢያነሳ ምን ይቀር ነበር?

ይህ አንዱ ወገን ነው። ሌላውን ደግሞ ጓደኛ ሆኜ ልንገርሽ። ጥቂት ጽሑፍ ያለው የመስክ ሰው ሁሉ ዳፍኒ ላይ አይደለም። አሥር ዓመት ወፍ ቆጥሮ ጥያቄውን ያላገኘ ሰውም አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሥራው ሲነበብ ነው። አንቺ «መስክ፣ መስክ» ስትዪ ጠርዝ ላይ ያለችው የመስክ ሰው ጓደኛሽ ከሆነች፣ የምትከራከሪው ለመስክ ይሁን ለእሷ ራስሽም አታውቂም። ሌሎቹ በኋላ ጓደኝነታችሁን ሲሰሙ የተናገርሽውን ሁሉ ወደ ኋላ ሄደው ያጣጥሉታል። እውነት የሆነውንም ጭምር።

ስለዚህ መናገር ያለብሽን አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ ጓደኝነታችሁን ካሳወቅሽበት መልእክት ጋር ተናገሪው። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ በአንቺ ምትክ መስክ የሚያውቅ ሰው ከሌላ ክፍል ይምጣ፤ አባል ባይሆን እንኳ ፋይል የሚያነብ። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ከመቁጠሩ በፊት እያንዳንዱ አመልካች ምርጤ የሚላቸውን ሁለት ጽሑፎች ያንብብ፤ ለጂኖሙም ለሞዴሉም ለመስኩም እኩል። ዩኒቨርሲቲሽ በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተጀመረውን የምርምር ምዘና መግለጫ ፈርሞ ከሆነ ይህን መጠየቅ ቀላል ይሆንልሻል፤ ሰውን በመጽሔቱ የኢምፓክት ቁጥር፣ ማለትም የመጽሔቱ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በሚያሳየው ቁጥር፣ አትመዝኑ ነው የሚለው። ከዚያ እጅሽን አንሺ። ሰብሳቢው ላይሰሙሽም ይችላሉ። እሱን መቀበል ይኖርብሻል።

ጓደኛሽስ? በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «በአንቺ እጅ ነኝ» ስትልሽ ቃል ግቢልኝ ማለቷ ነበር? ወይስ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ፋይል ያስገባ ሰው የሚያወራው ወሬ? እሷ ቀልዳ ተኝታለች፤ አንቺ ዕዳ አድርገሽ ይዘሽው ቀረሽ ብዬ ጠረጠርኩ። በየቀኑ «ምን ተባለ?» ማለቷም ጫና ላይሆን ይችላል። ሥራ የሚጠብቅ ሰው ግድግዳም ቢሆን ይጠይቃል። አንቺ ደግሞ ከግድግዳ የተሻለ ነገር ነሽ።

ደውዪላት፤ በጽሑፍ አይሁን። «ጓደኝነታችንን ለሰብሳቢው ነግሬያለሁ። ከዚህ ወዲያ ስለዚህ ቅጥር የማውቀው ነገር አይኖርም፤ እስካሁን ስላየሁትም አልነግርሽም። አትጠይቂኝ፣ እባክሽ» በያት። ልትከፋ ትችላለች። «ተስፋ ያደረግሁት አንቺን ነበር» ልትልሽም ትችላለች። አትከራከሪያት። ሲበርድላት ግን አንድ ነገር ብታስቢበት ደስ ይለኛል፤ እሷም ብታስብበት። ቦታውን ብታገኝ ለዓመታት አብራችሁ አንድ ኮሪደር ላይ ትሠራላችሁ። ያኔ ከጀርባዋ «እሷ እኮ በጓደኛዋ ነው የገባችው» የሚል ሹክሹክታ እንዳይኖር የምታደርጊው አሁን ነው። በራሷ እግር ትግባ። ሰባት ዓመት የለፋ ሰው ይህ ይገባዋል።

ነጥቧን አትንገሪያት፣ ጠርዝ ላይ መሆኗንም። ለዚህ ቦታ ገለጻዋን አታዘጋጂላት፣ ዕቅዷን አታርሚላት። ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ስታመለክት ግን ሙሉ ቅዳሜሽን ስጫት። በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚደረገውን ገለጻ፣ ስላይድ የሌለውን፣ ስንት ጎበዝ ሰው ነው የሚወድቅበት! ጠመኔ አስይዘሽ አቁሚያት፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ዕቅድ አስለፊያት፣ መሐል መሐል እያቋረጥሽ ጥያቄ ጠይቂያት። «ለመጀመሪያው ተማሪሽ ምን ትሰጪዋለሽ?» በያት። «የመጀመሪያው የምርምር ገንዘብ ጥያቄሽ ባይሳካስ?» በያት። ይህ ከድምፅሽ የበለጠ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።

ሙያውን እተወዋለሁ ያለችው ነገር ከብዶብሻል። ይገባኛል። ግን እሱን አንቺ ላይ አትጫኚው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ለአንዲት ቦታ ሲመጣ የሚወስነው ጥሩነት ብቻ አይደለም። የስታቲስቲክስ ኮርስ የሚያስተምር ሰው ስላጡ ብቻ አንዱ ይመረጣል። ያለው ላብ ውኃ ታንክ ስለሌለው የዓሣዋ ተመራማሪ ትቀራለች። ይህን ከውጭ ያለ አመልካች አያይም፤ ጎደሎውን ራሱ ውስጥ ይፈልጋል። አንቺ አይተሽዋል። በሩ ቢዘጋባት ይህን ልትነግሪያት የምትችዪ ሰው ነሽ፤ የኮሚቴውን ምሥጢር ሳትነኪ።

ያቺ መጨረሻ ላይ የጨመርሻት ዓረፍተ ነገርስ? «አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ ያስገባሻት። እኔ ግን ከመጀመሪያውም ደብዳቤውን ያስጻፈሽ እሷ ትመስለኛለች። ሌላው አመልካች ይሻላል ብለሽ ማሰብሽ ክህደት የሆነብሽ ይመስላል። አይደለም። ሰውን መውደድና የምርምር ዕቅዱን ማድነቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምናልባት ልክ ነሽ፣ ሰውየው ይሻላል። ምናልባት ደግሞ ሦስት ጊዜ ያነበብሽው ከጓደኛሽ ፋይል ለማምለጥ ነው። አሁን ይህን ማወቅ አይጠበቅብሽም። ከኮሚቴው ስትወጪ ከዚህ ጥያቄም ትወጪያለሽ፤ እፎይ ብትዪ አትፈሪ። ይህን ለእሷ የምትነግሪበት ቀን ግን አይታየኝም። ዛሬም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም።

ሐሙስ ስብሰባው ሲጀመር የት እንደምትሆኚ አሁኑኑ ወስኚ። ቢሮሽ ተቀምጠሽ የስብሰባ አዳራሹ በር ሲከፈት አትጠብቂ፤ ከሚወጡት ፊት ላይ ውጤት ማንበብ ትጀምሪያለሽ። ተማሪዎችሽን ይዘሽ መስክ ውጪ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ብታገኚ ደግሞ እሰየው።